የዓለምን ዘር ሰብስቦ በረሃብ የሞተው ሊቅ

ከደብረ ታቦር በስተምሥራቅ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ ቆሟል። ርብና ጉማራ ከዚህ ተራራ ተነሥተው፣ የፎገራን ሜዳ አጠጥተው ጣና ይገባሉ። ሜዳው የሩዝ አገር ሆኗል። ከላይ ያለው የፋርጣና የላይ ጋይንት ደጋ ግን የገብስ አገር ነው፤ ወደ ውርጩ ጠርዝ ሲወጣ ደግሞ ከገብስ በቀር ብዙም የሚጸና እህል የለም። ማሳው ሲያሸት ጠጋ ብሎ የተመለከተ ሰው በአንዱ እርሻ ውስጥ ነጩንም ጥቁሩንም፣ ባለ ሁለት መደዳውንም ባለ ስድስት መደዳውንም፣ ረጅሙንም አጭሩንም ተቀላቅሎ ያገኘዋል። አንዱ ለበሶ፣ አንዱ ለቆሎ፣ አንዱ ለጠላ ይሆናል፤ ሌላው ደግሞ ፈጥኖ ደርሶ ጎተራ ባዶ የሚሆንበትን ወር ያሻግራል። አርሶ አደሩ ድብልቁን ያቆየው አንዱን ውርጭ ቢመታው፣ ሌላውን ዋግ ቢበላው፣ ሦስተኛው እንዲተርፍለት ነው።

ይህን የመሰለውን ድብልቅ ማሳ ከኋላቀርነት ሳይሆን ከሀብት የቆጠረ አንድ የውጭ አገር ሊቅ ነበር። በ1919 ዓ.ም የኢትዮጵያን ደጋዎች ከቅፍለት ጋር አቋርጦ፣ ከየአገሩ እፍኝ እፍኝ ዘር እየሰበሰበ ወደ አገሩ ላከ። የሰውን ልጅ ከረሃብ ማዳን የሚቻለው ዘሩን በማወቅና በመጠበቅ ነው ብሎ ያመነው ይህ ሰው፣ ከ16 ዓመታት በኋላ በገዛ አገሩ እስር ቤት በረሃብ ሞተ። ስሙ ኒኮላይ ኢቫኖቪች ቫቪሎቭ ይባላል።

ቫቪሎቭ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1887 በሞስኮ ከተማ ተወለደ። (ዓ.ም ካልተባለ በቀር ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው።) አባቱ በልጅነቱ ከገጠር ወደ ከተማ የፈለሰ የገበሬ ልጅ ሲሆን፣ በጨርቃ ጨርቅ ንግድ ደክሞ ሀብት ያፈራ ሰው ነበር። ኒኮላይ የአራት ዓመት ሕፃን ሳለ በ1891 እና በ1892 የቮልጋን ወንዝ አካባቢ ጨምሮ ሰፊውን የሩሲያ ገጠር ጽኑ ረሃብ መታው። በዚያው ዘመን ኢትዮጵያም ክፉ ቀን ብላ በምታስታውሰው መከራ ውስጥ ነበረች። ከብቱ በደስታ በሽታ አልቆ፣ ሞፈርና ቀንበር ያለ በሬ ተሰቅሎ፣ በበጌምድርም በሌላውም አገር ሕዝቡ እንደ ቅጠል ይረግፍ ነበር። ሁለቱ አገሮች እጅግ የተራራቁ ቢሆኑም የዚያ ዘመን ልጆቻቸው በአንድ ዓይነት ወሬ አድገዋል።

ወጣቱ በሞስኮ የግብርና ኢንስቲትዩት ገብቶ ተማረ። የመመረቂያ ጥናቱን የሠራው እርሻና የአትክልት ቦታ ስለሚያጠፉ ቀንድ አውጣ መሰል ተባዮች ነው። ታናሽ ወንድሙ ሰርጌይ የፊዚክስን መንገድ ሲመርጥ እርሱ አፈርና ዘርን መረጠ። በ1913 ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ፣ ያን ጊዜ ገና በማቆጥቆጥ ላይ የነበረውን የዘረመል ሳይንስ ከሚመሩት ሰዎች አንዱ ከነበረው ከዊሊያም ቤትሰን ዘንድ ተማረ። ከዚያ በኋላ በሄደበት ሁሉ ከየአገሩ ሊቃውንት ጋር ወዳጅነት መመሥረትና ዘር መለዋወጥ የሕይወቱ ልማድ ሆነ። ወደ አገሩ የመለሰው የአንደኛው የዓለም ጦርነት መቀስቀስ ነበር።

የመጀመሪያውን ትልቅ ጉዞ ያስከተለበት ደግሞ የኢትዮጵያ ገበሬ በሚገባ የሚያውቀው አረም ነው። በ1916 በፋርስ ምድር የሰፈረው የሩሲያ ጦር ወታደሮች የአገሩን ዳቦ በልተው ራሳቸውን ያዞራቸው፣ እንደ ሰካራም ያንገዳግዳቸው ጀመር። ቫቪሎቭ ምክንያቱን እንዲመረምር ተላከ። ስንዴውን ሲያየው እንክርዳድ የተቀላቀለበት፣ ሻጋታም የገባበት ሆኖ አገኘው። ለደጋው አርሶ አደር ይህ አዲስ ነገር አይደለም። እንክርዳድ ያልተለቀመለት እህል ራስ እንደሚያዞር እያንዳንዷ እናት ሰፌድ ይዛ ለልጇ የምታስተምረው ነው። ለወጣቱ ሳይንቲስት ግን ጉዞው በር ከፈተለት። ሥራውን ጨርሶ ወደ ሞስኮ በመመለስ ፈንታ ወደ ፓሚር ተራሮች ወጣ። በከፍታ ላይ፣ ለዘመናት ተነጥለው በኖሩ ሸለቆዎች ውስጥ፣ ሌላ ቦታ ያልታዩ የእህል ዓይነቶች ተጠብቀው ቆይተው አገኘ። ተራራ የዘር ግምጃ ቤት ነው የሚለው ሐሳብ በልቡ ያደረው በዚያ ጉዞ ነው።

በ1917 በቮልጋ ዳር በምትገኘው በሳራቶቭ ከተማ መምህር ሆነ። ሦስት ዓመት ቆይቶ ስሙን በዓለም ያስጠራውን ሐሳብ በዚያችው ከተማ ለጉባኤ አቀረበ። ሐሳቡ ባጭሩ ሲነገር እንዲህ ነው። ዘመዳሞች የሆኑ ሰብሎች ተመሳሳይ የባሕርይ ልዩነቶችን ያሳያሉ፤ ስለዚህ በአንዱ ሰብል የታየ ባሕርይ በዘመዱ ላይ ካልታየ፣ የለም ከማለት ይልቅ ገና አልተገኘም ማለት ይሻላል። የዳቦ ስንዴ ከዛላው ጫፍ እንደ መርፌ የሚሾለው ጺም ያለውም የሌለውም ዓይነት አለው። ጺም አልባ የዱረም ስንዴ ግን ያን ጊዜ አልታወቀም ነበር። በቫቪሎቭ ስሌት መሠረት በአንድ የዓለም ጥግ መኖር ነበረበት። የት እንደተገኘ ኋላ ይነገራል።

በ1921 በፔትሮግራድ የሚገኘውን የሰብል ዕፅዋት ምርምር ቢሮ እንዲመራ ተሾመ። ዓመቱ አብዮትና የእርስ በርስ ጦርነት ያደቀቃት ሩሲያ ዳግመኛ በረሃብ የተመታችበት ነበር፤ በቮልጋ አካባቢ ሰው በሚሊዮን አለቀ። እርሱም በዚያው ዓመት ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ከዩኒቨርሲቲና ከምርምር ጣቢያ ዘር ሰብስቦ ተመለሰ። አሜሪካውያኑ ዘር ፍለጋ በዓለም ዙሪያ ሰዎቻቸውን ማሰማራት ከጀመሩ ቆይተው ነበር። ቫቪሎቭ ይህን ሥራ በስፋትም በዓላማም አሳደገው። በዓለም ያለውን የሰብል ዝርያ ሁሉ በአንድ ቦታ ሰብስቦ፣ ለሚፈለገው አየርና አፈር የሚስማማውን መርጦ ማዳቀል ይቻላል ብሎ ተነሣ። በ1924 ወደ አፍጋኒስታን ሄደ። በ1926 ሰብሎች ለመጀመሪያ ጊዜ ከዱር ወደ እርሻ የገቡባቸውን የዓለም ክፍሎች የሚያመላክት መጽሐፉን አሳተመ። ከእነዚያ ክፍሎች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ምድሪቱን ግን ገና በዓይኑ አላያትም።

በ1926 መጨረሻ ጅቡቲ ደርሶ በባቡር ወደ ኢትዮጵያ ገባ፤ ሐረርንም አየ። ያን ጊዜ ኢትዮጵያና ሶቪየት ኅብረት የዲፕሎማሲ ግንኙነት አልነበራቸውም። የሶቪየት ዜጋ በቅኝ ገዢዎች ወደብና ድንበር ለማለፍ የሚያየው ፍዳም ቀላል አልነበረም። አዲስ አበባ ሲደርስ ግን አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ተቀብለው አነጋገሩት። ስለ ዘር ከመጠየቅ ይልቅ ስለ ሩሲያ አብዮትና ስለ ነገሥታቷ ዕጣ አብዝተው እንደጠየቁት በጉዞ ማስታወሻው ጽፏል። ሦስት ዓመት ተኩል ያህል ቆይተው ንጉሠ ነገሥት ለሚሆኑት መስፍን ጥያቄው ቢያስጨንቃቸው አይደንቅም። ያም ሆኖ ለጉዞው ፈቃድ ሰጡት። ያ ፈቃድ ባይኖር ዘር ሰብሳቢው ከከተማው ባልወጣ ነበር።

ከዚያ በኋላ የበቅሎ ጉዞ ሆነ። በመጀመሪያ በአንኮበር በኩል የሸዋን ደጋ አየ፤ ቀጥሎ ወደ ሰሜን ተነሥቶ፣ ዓባይን ተሻግሮ በጎጃም አለፈና በጣና አካባቢ አድርጎ ጎንደር ደረሰ። አገሩ ያን ጊዜ የበጌምድር ግዛት ነው፤ መናገሻውም ደብረ ታቦር ሲሆን ራስ ጉግሣ ወሌ ይገዙት ነበር። ከጎንደር ወደ አክሱም፣ ከአክሱምም በጣሊያን እጅ ወደነበረችው አሥመራ አለፈ። በመንገድ ሽፍቶች ገጥመውት፣ የቀረውን መጠጥ አውጥቶ በስጦታ ካበረከተላቸው በኋላ ተኝተው ሳሉ ቅፍለቱን አስነሥቶ እንዳመለጠ ይነገራል። ከሽፍታው ይልቅ ግን ማስታወሻውን የሞላው የየመንደሩ እህል ነው።

በደጋው ባህል ዘር የሚከለከል ነገር አይደለም። ዘር የጠፋበት ጎረቤት ሲመጣ ካለው ላይ ይሰፈርለታል፤ በዓመቱ ይመልሳል፤ ባይመልስም ዘሩ በጎረቤት ማሳ ውስጥ ተቀምጧልና እንደጠፋ አይቆጠርም። ቫቪሎቭ በየደረሰበት የደረሰውን ዛላ ከማሳ፣ ፍሬውን ከአውድማና ከገበያ እየወሰደ፣ ቦታውንና ከፍታውን እየጻፈ በእሽግ በእሽግ አድርጎ ወደ ሌኒንግራድ ላከ። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የሰበሰበው ከ6,000 ናሙና በላይ ነበር። በናሙናው ወረቀት ላይ የአገሩ ስም፣ የሰብሉ ስም፣ ዓመቱ ይሰፍራል። የሰጠው አርሶ አደር ስም ግን አይሰፍርም። ያን ጊዜ ማንም እንዲህ ያለ ነገር ይጻፍ ብሎ አያስብም ነበር።

ያየው ነገር አስደነቀው። ጤፍ፣ ኑግ፣ እንሰት፣ ጎመን ዘር፣ ቡና፤ እነዚህን ከሌላ ያልተቀበለች፣ ራሷ ከዱር አውጥታ ያለማች አገር ናት። የገብሱና የስንዴው ብዛት ደግሞ የባሰ አስገረመው። ሐምራዊ ፍሬ ያለውን፣ አገሬው ጥቁር ስንዴ የሚለውን ዓይነት አገኘ። ሳይንቲስቶች በሌላ ቦታ ያላዩአቸው የገብስ ዛላዎች በአንድ ማሳ ውስጥ ተሰብስበው ጠበቁት። ከሰባት ዓመት በፊት በሳራቶቭ ጉባኤ መኖር አለበት ያለው ጺም አልባ የዱረም ስንዴም የተገኘው እዚሁ፣ በኢትዮጵያ ደጋ ነው። እርሱ በቀመር የደረሰበትን ነገር ገበሬው ለዘመናት ሲዘራው ኖሯል።

የልዩነቱ ብዛት ገብስና ዱረም ስንዴ በመጀመሪያ ከዚህ ምድር የወጡ ናቸው ወደሚል ሐሳብ መርቶት ነበር። በዚህ ላይ ኋላ የመጡ ተመራማሪዎች አርመውታል። የገብስና የስንዴ የዱር ዘመዶች የሚገኙት በመካከለኛው ምሥራቅ ነው፤ ሰብሎቹ ወደ ኢትዮጵያ የገቡት በጥንት ዘመን ከዚያ ነው። ይህ ግን የደጋውን ገበሬ ሥራ የሚያሳንስ አይደለም፤ እንዲያውም ያጎላዋል። ከውጭ በእንግድነት የመጣን እህል ተቀብሎ፣ ከቆላው ጫፍ እስከ ውርጩ ድረስ ለየቀበሌው የሚስማማ ልብስ አልብሶ፣ ሌላው ዓለም የሌለውን ልዩነት የፈጠረው ምንም የምርምር ጣቢያ ሳይኖር ነው። ቫቪሎቭ ከሞተ ከአራት ዓመት በኋላ ባልደረባው ያኩብዚነር የኢትዮጵያን ስንዴ ለብቻው መድቦ ኢትዮጵያዊ የሚል የሳይንስ ስም ሰጠው።

ከኢትዮጵያ መልስ የቫቪሎቭ ክብር ከፍ አለ። በ1929 የሶቪየት የግብርና ሳይንስ አካዳሚ ፕሬዚዳንት ሆነ። ቻይናን፣ ጃፓንን፣ ኮሪያን፣ ሰሜንና ደቡብ አሜሪካን ዞረ። በ1940 የኢንስቲትዩቱ ስብስብ 250,000 ያህል ናሙና ደርሶ ነበር፤ በዓለም ላይ የሚወዳደረው አልነበረም። ከሌላው አገር ሊቅ ጋር መሥራትን አጥብቆ የሚወድ ሰው ስለነበር ኋላ የኖቤል ሽልማት ያገኘውን አሜሪካዊውን የዘረመል ሊቅ ኸርማን ሙለርን አስመጥቶ በሶቪየት ምድር አሠራው። በኢትዮጵያ ከእርሱ አራት ዓመት ቀድሞ ገብስ የሰበሰበው አሜሪካዊው ሃሪ ሃርላንም ወዳጁ ነበር። መንግሥታት ሲወቃቀሱ እነርሱ ዘር ይላላኩ ነበር።

ያ ወዳጅነት ኋላ ወንጀል ሆነበት። የገበሬው መሬት በግድ ወደ ኅብረት እርሻ ሲገባ ምርት ወደቀ፤ በ1932 እና በ1933 በዩክሬንና በሌሎች የእህል አገሮች ሚሊዮኖች በረሃብ አለቁ። ስታሊን ፈጣን ውጤት ፈለገ። አዲስ የስንዴ ዝርያ አዳቅሎ ለገበሬ ለማድረስ አሥር ዓመት ገደማ ይፈጃል የሚል ሳይንቲስት በዚያ ሰዓት ደስ አያሰኝም። ትሮፊም ሊሴንኮ የተባለ የዩክሬን ገበሬ ልጅ ብቅ ያለው ያን ጊዜ ነው። ዘረመል የሚባለውን ነገር የካፒታሊስቶች ፈጠራ ነው ብሎ ካደ። ሰብልን በአያያዝ ብቻ በአጭር ጊዜ ሌላ ማድረግ ይቻላል ብሎ ቃል ገባ። የሚያሳዝነው፣ ሊሴንኮ ስንዴን በብርድ አለማምዶ ቶሎ የማድረስ ሙከራውን ይዞ ሲመጣ በመጀመሪያ ካበረታቱት ሰዎች አንዱ ራሱ ቫቪሎቭ መሆኑ ነው። በ1938 የአካዳሚው መንበር የሊሴንኮ ሆነ። በ1937 በሞስኮ ሊደረግ የታቀደው ዓለም አቀፍ የዘረመል ጉባኤ ተሰረዘ። ጉባኤው በ1939 በኤደንብራ ሲካሄድ ቫቪሎቭን ፕሬዚዳንቱ አድርጎ መርጦት ነበር፤ መንግሥቱ ግን አልለቀቀውም። ወንበሩ ባዶ ቀረ።

ነሐሴ 6 ቀን 1940 በምዕራብ ዩክሬን በቼርኒቭትሲ አካባቢ ዘር ለመሰብሰብ ወጥቶ ሳለ የደኅንነት ሰዎች መጥተው ወሰዱት። ባልደረቦቹ ትቶት የሄደውን ከረጢት ሲፈቱ የዚያን ዕለት የሰበሰበውን የስንዴ ዛላ አገኙ። ለውጭ መንግሥታት በመሰለልና ግብርናን በማሰናከል ከሰሱት፤ 400 ጊዜ ያህል እየጠሩ፣ በድምሩ ወደ 1,700 ሰዓታት መረመሩት። ጀርመን ሶቪየት ኅብረትን በወረረች በሦስተኛው ሳምንት፣ ሐምሌ 9 ቀን 1941፣ የሞት ፍርድ ተፈረደበት። ግንባሩ ወደ ሞስኮ ሲቃረብ ከሌሎች እስረኞች ጋር ወደ ሳራቶቭ ተወሰደ፤ በወጣትነቱ ወዳስተማረባት፣ ስሙም ወደ ገነነባት ከተማ። ሞት ፍርዱ በ1942 ወደ 20 ዓመት እስር ቢቀየርለትም ምግቡ አልተቀየረም። በክፍሉ ላሉት እስረኞች ስለ ዕፅዋት ያስተምር ነበር። ስለ ዓለም ግብርና ታሪክ የጻፈው ትልቅ ጽሑፍም ተቃጥሎ ጠፋ። የእንግሊዝ ንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበር በ1942 የውጭ አባሉ አድርጎ ሲመርጠው፣ ተመራጩ በአንድ ቁራጭ ዳቦ የሚያድር እስረኛ መሆኑን አላወቀም። ባለቤቱ የሌና ባሩሊና፣ እርሷም የምስር ተመራማሪ፣ ከልጃቸው ጋር ከጦርነቱ ሸሽታ የተጠለለችው በዚያችው በሳራቶቭ ነበር። ባሏ ያለው በሞስኮ መስሏት ስንቁን ወደ ሞስኮ ትልክ ነበር። ጥር 18 ቀን 1935 ዓ.ም ቫቪሎቭ በ55 ዓመቱ በዚያ እስር ቤት ሆስፒታል ሞተ። ሰውነቱ በምግብ እጦት አልቆ ነበር።

በሌኒንግራድ የቀሩት ባልደረቦቹም በዚያው ጊዜ በሌላ ረሃብ ውስጥ ነበሩ። የጀርመን ጦር ከተማዋን ከመስከረም 1941 እስከ ጥር 1944 ከብቦ፣ ብዙ መቶ ሺህ ሰዎች በረሃብ አለቁ። የኢንስቲትዩቱ ሠራተኞች ብዙ ቶን ዘር በያዘ ሕንፃ ውስጥ ሆነው፣ በብርድ ክፍል፣ ከአይጥና ከሌባ ስብስቡን ጠበቁ። የሩዝ ስብስብ ኃላፊው ዲሚትሪ ኢቫኖቭ በሺዎች በሚቆጠር የሩዝ እሽግ ተከቦ በረሃብ ሞተ። የለውዝ ተመራማሪው አሌክሳንደር ሹኪን በጠረጴዛው ላይ እንደተቀመጠ አረፈ። የአጃ ስብስብ ጠባቂዋ ሊዲያ ሮዲናም ከሞቱት መካከል ናት። ከጠበቋቸው እሽጎች ውስጥ ከጎጃምና ከጎንደር፣ ከሸዋና ከትግራይ የሄዱት ይገኙበታል። በ1977 ዓ.ም በወሎ፣ በሰሜን ሸዋና በሌላው ድርቅ በመታው አገር የዘር እህሉን ፈጭቶ ለልጆቹ ያቀመሰውን አርሶ አደር በዚህ ሚዛን መፍረድ ግን አይገባም። የሌኒንግራድ ሰዎች ስለ ራሳቸው ነፍስ መረጡ፤ እርሱ ግን የቤተሰቡ ነፍስ በእጁ ነበር።

የኢትዮጵያ ደጋ ገብስ ለዓለም የዋለውን ውለታ አውሮፓና አሜሪካ በሚገባ ያውቁታል። ክሽክሽ የሚያስተላልፈው፣ ገብስን አቀጭጮ ቢጫ የሚያደርግ ቫይረስ የካሊፎርኒያን እርሻ ባስቸገረ ጊዜ፣ በሽታውን የሚቋቋም ዘረመል የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው። ዱቄት የተነፋበት የሚያስመስለውን የቅጠል በሽታ የሚመክት ሌላ ዘረመልም በ1930ዎቹ ከኢትዮጵያ ከተወሰደ ነባር ዝርያ ተገኝቶ፣ ከ1979 ጀምሮ በአውሮፓ የቢራ ገብስ ውስጥ በስፋት ገብቷል። እነዚህ ዘሮች በቫቪሎቭ እጅ ሳይሆን በሌሎች ሰብሳቢዎች በኩል የሄዱ ናቸው። መንገዱ ግን ያው እርሱ የጠረገው ነው፤ ዘሩን ላቆየው ገበሬ በስሙ የተመለሰለት ነገር አለመኖሩም ያው ነው።

የኢትዮጵያ የራሷ የዘር ባንክ የተቋቋመው ቫቪሎቭ ካለፈ ከ30 ዓመታት በላይ ቆይቶ፣ በ1968 ዓ.ም፣ ከጀርመን መንግሥት ጋር በተደረገ ስምምነት ነው። ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የሚባለው ተቋም መነሻው ይህ ነው። ባንኩን ለዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ በ1977ቱ ድርቅ ባለሙያዎቻቸውን ወደ ተጎዱት አካባቢዎች ልከው ሊጠፉ የደረሱ ነባር ዝርያዎችን አሰባስበዋል። ከዚያም ዘሩን በማቀዝቀዣ ከማኖር ባለፈ ገበሬው በማሳው እየዘራ እንዲጠብቀው የሚያደርግ አሠራር ዘርግተዋል። ለዚህም በ1989 አማራጭ ኖቤል እየተባለ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አግኝተዋል። ቫቪሎቭ ያልደረሰበት እርምጃ ይህ ነው። እርሱ ዘሩን ከገበሬው ወስዶ ወደ ባንክ ያስገባ ነበር፤ እርሳቸው ከባንክ አውጥተው ወደ ገበሬው መለሱት። ዘር በማቀዝቀዣ ውስጥ ሲቀመጥ አይሞትም፤ ግን ከሚለዋወጠው በሽታና አየር ጋር አብሮ መለወጡን ያቆማል።

በደቡብ ጎንደር ደግሞ ሌላ ዘር በተቃራኒው አቅጣጫ መጣ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ደብረ ታቦርን ማዕከል አድርጎ የሠራው በጀርመን የተደገፈ የምግብ ዋስትና ፕሮግራም፣ ትሪቲካሌ የተባለውን እህል በፋርጣና በጋይንት ደጋ አስተዋወቀ። ትሪቲካሌ ስንዴንና ራይ የተባለውን የብርድ አገር እህል በማዳቀል የተገኘ ሲሆን፣ በተጎዳ አፈር ላይ ከስንዴና ከገብስ የተሻለ ምርት ስለሚሰጥ አርሶ አደሩ ወደደው፤ ለእንጀራም ለጠላም አዋለው። የሁለቱን እህሎች ድቅል ቀድመው በስፋት ካጠኑት ቦታዎች አንዱ የሳራቶቭ የምርምር ጣቢያ ነበር። በ1918 በጣቢያው ማሳ ላይ ድቅሎቹ በብዛት ሲበቅሉ ቫቪሎቭ በዚያችው ከተማ መምህር ነበር። ትሪቲካሌ በሴፍቲኔት ከሚደገፉት ወረዳዎች የብዙ ቤተሰብን ጎተራ ሞልቷል፤ ይህ መካድ የለበትም። በየማሳው የገባው አዲስ እህልና የባሕር ዛፍ የቀድሞውን የገብስ ድብልቅ ቦታ ማጥበቡም እንዲሁ ሊታይ ይገባዋል፤ ድብልቁ ከማሳው አንዴ ከወጣ የሚመለሰው ከባንክ በሚመጣ እፍኝ ብቻ ነውና።

ዘሩ የማን ነው የሚለው ጥያቄ በቫቪሎቭ ዘመን አልተጠየቀም። በ2001 በተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ጥላ ሥር የጸደቀው ዓለም አቀፍ ስምምነት አገሮች የሰብል ዘርን በነፃ እየተለዋወጡ ከጥቅሙ እንዲጋሩ፣ የገበሬውም መብት እንዲታወቅ ደነገገ። ኢትዮጵያም በአዋጅ ቁጥር 482/1998 የዘረመል ሀብት ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ፣ ዘሩን ያቆየው ማኅበረሰብም ከጥቅሙ እንዲካፈል ሕግ አወጣች። ሕጉ መውጣቱ ብቻ አልበቃም። አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ በአውሮፓ የባለቤትነት መብት አስመዝግቦ፣ በሄግ የሚገኘው ፍርድ ቤት መብቱን ውድቅ ያደረገው በ2018 መጨረሻ ነው። ያም ውሳኔ የጸናው በኔዘርላንድ ብቻ ነበር።

ቫቪሎቭ በ1955 ከክሱ ነፃ ተባለ። ወንድሙ ሰርጌይ ወንድሙን በገደለው መንግሥት ከ1945 ጀምሮ የሳይንስ አካዳሚው ፕሬዚዳንት ሆኖ እስከ ዕለተ ሞቱ አገልግሎ፣ ያን ቀን ሳያይ በ1951 አርፏል። በሴንት ፒተርስበርግ ይስሐቅ አደባባይ የሚገኘው ኢንስቲትዩት ከ1967 ጀምሮ በኒኮላይ ስም ይጠራል። በ1919 ዓ.ም ከኢትዮጵያ የሄዱት ናሙናዎች በዚያ ይገኛሉ፤ ዘሩ የመብቀል ኃይሉን እንዳያጣ በየጊዜው እየተዘራ፣ እየታጨደና እየታደሰ ወደ መደርደሪያው ይመለሳል።